ሽሮ ማንም ይበላል
ፍሬሽማኖችን ሎጂክ አስተምራለሁ። ዲዳክሽንን (ከተሰጠው ተነስቶ የግድ የሚከተለውን መደምደም) በደረቁ ካስተማርክ ግማሹ ክፍል ስልኩን ይነካካል፣ ስለዚህ በእንቆቅልሽ ነው የምጀምረው። ነብር፣ ፍየልና ቅጠልን ወንዝ ማሻገር ሁሉም ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ማሟሻ ይሆነኛል። ከዚያ የራሴን እየፈጠርኩ እሰጣለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚህች ፈጠራዬ ትንሽ እኮራም ነበር።

ለሚድ ያወጣሁት ይሄ ነው። ሂሩት፣ መሠረትና ጫልቱ አሉ። አንዷ ሐኪም፣ አንዷ ሹፌር፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ሐኪሟ ጾመኛ ናት። ሂሩት ጾመኛ ናት። ጫልቱ መኪና መንዳት አትችልም። ማን ምን ትሠራለች?

መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው፦ ሂሩት ሐኪም፣ ጫልቱ ልብስ ሰፊ፣ የቀረችው መሠረት ሹፌር። ሳርም ሁሉም ማለት ይቻላል ይህንኑ ጽፏል። ደስ ብሎኝ ራይት እያደረግኩ ስሄድ ስሄድ አንዱ ወረቀት ላይ «4 መልስ አለው» የሚል አገኘሁ። ሌላ ምንም የለም። ጥያቄው ያልገባት መሰለኝና ኤክስ አድርጌ አለፍኩ።

ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት ቢሮ መጣች። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ መሠረትም ብትጾምስ?»

«ትጾማለች አልተባለም እኮ።»

«አትጾምም ተብሏል?»

ዝም አልኩ። ከጠረጴዛዬ ላይ ብጣሽ ወረቀት ወስዳ ሦስቱን ሴቶችና ሦስቱን ሥራዎች በየተራ አገጣጠመቻቸው። 6 መስመር ወጣ። ጫልቱ ሹፌር የሆነችባቸውን ሁለቱን ሰረዘች። «አሁን ሐኪሟ ጾመኛ ናት የሚለው የትኛውን ይሰርዛል?» አለችኝ። አየሁት። አንዱንም አይሰርዝም። ሦስቱም ሊጾሙ ይችላሉ፣ አራቱ መስመሮች እንዳሉ ቀሩ።

ያቃጠለኝ ምን መሰላችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ «ውሻ ሁሉ አራት እግር አለው፤ ፍየሌ አራት እግር አላት፤ ስለዚህ ፍየሌ ውሻ ናት» ብዬ ጽፌ ክፍሉን በሳቅ ገድዬው ነበር። ሂሩት ያቺው ፍየል ናት። ሥራው ለአንዷ አንድ መሆኑን ተናግሬያለሁ፣ ጾሙ ግን ለአንዷ ብቻ የሆነው በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው። «ከሦስቱ የምትጾመው አንዷ ብቻ ናት» ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ነጥቧን መለስኩላት። ከሌሎቹ አልቀነስኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ክፍል ገብቼ ሂሩት ያሉትን ለምን እንደመረጡ ስጠይቅ አንዱ ምን አለኝ? «ቲቸር የፈለጉት እሱን እንደሆነ ያስታውቃል።» ይሄ ከኤክሱ በላይ አመመኝ። ለካ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያጠኑ የከረሙት እኔን ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረባትን የካርድ ጨዋታ ይዤ ገባሁ። አራት ካርዶች፣ እያንዳንዱ በአንዱ ገጽ ፊደል በሌላው ቁጥር አለው። የሚታየው፦ ኢ (E)፣ ኬ (K)፣ 4፣ 7። ሕጉ «በአንዱ ገጽ አናባቢ ካለ በሌላው ተጋማሽ ቁጥር አለ» ይላል። ሕጉ መጣሱን ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጣለህ? መልሱ ኢ እና 7 ነው (ከ7 ጀርባ አናባቢ ከወጣ ሕጉ ተጥሷል)፣ ሰው ግን 4ን ይመርጣል። የእኔዎቹም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1982 ግሪግስና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፊደሉን ትተው «ቢራ የሚጠጣ ዕድሜው የደረሰ ይሁን» በሚል ሕግ ሲጠይቁ ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች በትክክል መለሱት።

እኔ ወደ ሮብ ምሳ አዞርኩት። አራት ተመጋቢዎች፣ በካርዱ አንድ ገጽ ሰውዬው መጾም አለመጾሙ፣ በሌላው የበላው ምግብ። የሚታየው ጾመኛ፣ የማይጾም፣ ሽሮ፣ ክትፎ። ሕጉ፦ ጾመኛ ክትፎ አይበላም። ገና ጽፌ ሳልጨርስ «ጾመኛውንና ክትፎውን!» አሉ።

«ሽሮውንስ?»

«ሽሮ ማንም ይበላል፣ ቲቸር!»

አያችሁ፣ ሂሩት ላይ ያጣናት ይቺን ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የሌላው ሴክሽን መምህር ያንኑ ጥያቄ ከነመልሱ ከእኔ ወስዶ ነበር። ትዝ ሲለኝ ደወልኩለት። አርሞ ጨርሷል።

«ያንተዎቹ አስቸግረውህ ነው?» አለኝ እየሳቀ። «የእኔዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ አንድ ሳይቀር ሂሩት ብለዋል።»