የአሮጌ ማሽን ዕድሜ ከሴሪያል ቁጥሩ ብቻ አይነበብም

አሮጌ የእንጨት ሥራ ማሽን እወዳለሁ። ከባድ ነው፣ ሲሠራ አይንቀጠቀጥም፣ ቢበላሽም ተፈትቶ ይጠገናል። መለዋወጫ ፍለጋ ስትነሱ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው። «መቼ የተሠራ ነው?» ይህን ጥያቄ ለመመለስ ያየሁትን አበሳ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእኔ ማሽን አሜሪካ የተሠራ ባንድሶ ነው፤ ላማው እንደ ቀበቶ በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር መጋዝ ማለት ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ስታነቡ ትረዱኛላችሁ።

ዕድሜ ለማወቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሴሪያል ቁጥሩን፣ ማለትም ፋብሪካው ለየማሽኑ የሰጠውን መለያ ቁጥር ነው። ማግኘቱ ብዙ አያስቸግርም። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ቋሚው አካል ወይም በሩ ላይ ይገኛል። ሰሌዳ ከሌለ የጠረጴዛውን ጠርዝና የዘንጉን ጫፍ እዩ፤ ቁጥሩ በቀለም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀዳ፣ ወደ ውጭ ያበጠ ቁጥር ሴሪያል አይደለም። እሱ የክፍሉ ቁጥር ነው፤ በዚያው ቅርጽ የተቀዳ ብረት ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ሴሪያል ቁጥር ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ብዙ ጊዜ አሃዞቹ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለው ታዩዋቸዋላችሁ። ሠራተኛው አንድ በአንድ በመዶሻ ስለመታቸው ነው።

እድሳት የሚያስተምሩ ሰዎች «መጀመሪያ ሰሌዳውን አጽዱ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። የናስ ሰሌዳ ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለም የሽቦ ብሩሽ ከነካው ይለቃል። የብርጭቆ ወረቀትማ ቁጥሩንም ይዞት ይሄዳል። እኔ ግራሶውን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከዚያ ባትሪውን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጌ አበራሁ። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው አሃዝ ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል። 3 ይሁን 8 ያልለየሁት አንድ አሃዝ ነበር። ስስ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ጎን አሸሁት። 3 ሆኖ ወጣ። የእኔ ቁጥር በ31 ይጀምራል፤ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ አራት አሃዝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ላማውን ከላይ የሚይዘው መሪ ተበልቶ ስለነበር መቀየር ነበረበት። ፋብሪካው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ስሙን የገዛው ድርጅት ግን እስካሁን የመለዋወጫ ክፍል አለው። መመሪያቸው አጭር ነው። ሴሪያል ቁጥሩን ላኩልን፣ ዓመቱን እኛ እናውቃለን፣ ዕቃውን በዓመቱ መሠረት እንልካለን። ላክሁ። አንድ መስመር መልስ መጣ። «ማሽንዎ በ1931 የተሠራ ነው።»

ይህ መልስ አልተዋጠልኝም። ባንድሶው በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ሌላ ትንሽ ሰሌዳ አለ። የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ቁጥሮች ተደርድረውበታል። ከመካከላቸው አንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ደግሞ ሁለት ሚሊዮን የሞላው አፕሪል 30 ቀን 1935 ነው። ያልተሰጠ ቁጥር በ1931 ሰሌዳ ላይ ሊቀረጽ አይችልም። ይህ ክርክር የሚያስነሳ ነገር አይደለም። የሰሌዳውን ፎቶ አያይዤ ጻፍኩላቸው።

«በሩ ከሌላ ማሽን ተወስዶ ሊሆን ይችላል» አለኝ የመለዋወጫ ክፍሉ ኃላፊ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አልካደውም። ግን በሩ ጠርዝ ላይ የሴሪያል ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አሃዞች ተመትተዋል። ያንንም ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከዚያ በስልክ አገኘሁት።

«ሲስተማችን 1931 ነው የሚለው።»

«ሲስተሙ ከየት አመጣው?»

«ከቁጥሩ መጀመሪያ ነዋ። 31 ይላል አይደል?»

በቃ፣ ምስጢሩ ሁሉ ይኸው ነበር። መዝገብ አላገላበጠም። ካታሎግ አላየም። ሰረዙ ፊት ያሉትን ሁለት አሃዞች አይቶ 19 ጨመረበት። ይህን ደግሞ በድርጅቱ ስም፣ በጽሑፍ፣ እንደ ማስረጃ ነው የሚሰጠው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ሰው የእሱን ደብዳቤ ይዞ ማሽኑን «የ1931» ብሎ ይሸጣል። ገዢው ያንን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሌላው ከመዝገቡ ይገለብጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስህተቱን ማን ይነቅለዋል?

ዕቃውን ለማዘዝ ቅጹ ላይ ዓመት መሞላት አለበት። የሚሞላው ደግሞ እነሱ የሰጡት ዓመት ብቻ ነው። የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ለክቼ ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ልኬት የሚጻፍበት ቦታ የለም። በደብዳቤ ብጽፍላቸውም «የሚያስፈልገን ዓመቱ ነው» አሉኝ። ዕቃው መጣ። ቀዳዳው ከእኔ ዘንግ ይሰፋል። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ባጠብቀውም መሪው ይወዛወዛል። መሪው የሚወዛወዝ ባንድሶ ላማውን ያጣምማል፣ መስመር አይጠብቅም፣ አጠገቡ እጅ ማስጠጋት ራሱ አደገኛ ነው። ልመልስ ስል ደግሞ እምቢ አሉ። «ለ1931 ማሽን ትክክለኛው ዕቃ ነው የተላከው።» እነሱ በፈጠሩት ዓመት እኔ ተቀጣሁ።

እውነቱ የተገኘው እንደ እኔ ያለ ማሽን ካላቸው ሰዎች ነው። አንዱ ባለቤት ቁጥሩ በ28 የሚጀምር ማሽን አለው። ማሽኑ አዲስ ሲሸጥ የተጻፈው ደረሰኝም አብሮት አለ፤ ቀኑ 1937 ነው። ሌላው ደግሞ በ12 የሚጀምር አለው። በ1912 ፋብሪካው ራሱ አልተቋቋመም! ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፊት ያለው ቁጥር ዓመት ሳይሆን ቆጣሪ ነው። አራቱ አሃዞች 9999 ሲሞሉ ፊተኛው በአንድ ይጨምራል። 31 ከ28 በኋላ ስለሆነ የእኔ ማሽን የተሠራው ከዚያ ሽያጭ ጊዜ አካባቢ ጀምሮ ነው። በሌላ በኩል የ1941 ካታሎግ የላይኛውን መዘውር ባለ ድፍን ሰሃን አድርጎ ያሳየዋል። የእኔ ግን እንደ ብስክሌት ጎማ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚዘረጉ ዘንጎች ያሉት ነው። ስለዚህ በግምት ከ1937 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አደራጅቼ ለመለዋወጫ ክፍሉ ላክሁላቸው። የመለሱልኝ «ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን» የሚል ነው። ዝርዝራቸውን አላረሙትም።

ከዚያ ወዲህ ሴሪያል ቁጥርን የምይዘው እንደ አንድ ምስክር ነው። ቃሉን እሰማለሁ፣ ብቻውን ግን አልፈርድበትም። ደግሞ «መቼ ተሠራ?» ብዬ አልጀምርም። «ከመቼ በፊት ሊሆን አይችልም? ከመቼስ በኋላ?» እላለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ፓተንት ግሩም ነው። የአሜሪካ ፓተንት አንድ ሚሊዮን የሞላው በ1911፣ ሦስት ሚሊዮን በ1961 ነው። ከ1927 በፊት ብዙ ሰሌዳዎች የፓተንቱን ቀን ብቻ ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሕጉ ቁጥሩን ጠየቀ። ግን ተጠንቀቁ። ፓተንት የታችኛውን ወሰን እንጂ የላይኛውን አይነግራችሁም። ፋብሪካዎች ያንኑ ሰሌዳ ለብዙ ዓመት ይጠቀሙበት ነበር።

አድራሻውን ደግሞ ፊደል በፊደል አንብቡት። የአሜሪካ አድራሻ ዚፕ ኮድ የሚባለው ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ መለያ ካለው ከ1963 ወዲህ ነው። ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ የፖስታ ዞን ነው፤ ያ በ1943 የተጀመረ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካያችሁ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ናችሁ።

የባለቤትነት ለውጥም ሰሌዳ ላይ ይታያል። ሮክዌል የተባለው ድርጅት የማሽን ሠሪውን ዴልታን የገዛው በ1945 ነው። ስለዚህ የሁለቱም ስም አብሮ ያለበት ዴልታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተሠራ ቢሏችሁ አትመኑ። ዩኒሶ የሚባለው የዴልታ መጋዝ ራሱ የወጣው በ1939 ነው፤ «የ1935 ዩኒሶ» የሚባል ነገር የለም። ሌላው መጋዝ ሠሪ ዴዋልት ደግሞ በ1949 ኤኤምኤፍ ወደሚባል ድርጅት፣ በ1960 ወደ ብላክ ኤንድ ዴከር ተዛውሯል።

ሞተሩን መጨረሻ ላይ እዩት። ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ሞተር ነው። ሆኖም የአሜሪካ ሞተር የፍሬም ቁጥር (የሞተሩን አካል መጠን የሚያሳየው ቁጥር) መጨረሻው ላይ ቲ ፊደል ካለው፣ ያ ደረጃ በ1964 የመጣ ነው። ሞተሩ የመጀመሪያው ከሆነ ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ነው። ኩሽኔታ ግን ዕድሜ አይነግራችሁም፤ ማንኛውም ጥሩ ጠጋኝ ይቀይረዋል።

መዝገብ የተረፈላቸው ፋብሪካዎችም አሉ። በአሜሪካዋ ግራንድ ራፒድስ ከተማ የነበረው ማሽን ሠሪ ኦሊቨር ለየማሽኑ ካርድ ይይዝ ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለው ቀን የተላከበት ከሆነ የተሠራበት ቀን ነው ብላችሁ አትጻፉ። ማሽን መጋዘን ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆም ይችላል።

መለዋወጫ ስታዙ ምክሬ ከድርጅቶቹ መመሪያ ጋር ይጋጫል። እነሱ ሴሪያል ቁጥርና ዓመት ይላሉ። እኔ ልኬት እላለሁ። የዘንጉን ውፍረት፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ የብሎኑን ጥርስ ለክታችሁ ከፎቶ ጋር ላኩ። «ልኬቱን ሳታረጋግጡ አትላኩ» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ልኬት አንቀበልም ካሏችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። እኔ በመጨረሻ ትክክለኛውን መሪ ያሠራሁት ብረት ቤት ነው፤ ከዘንጉ ጋር ልክክ አለ።

አንድ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ማሽኑን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠው ሰሌዳውን ነቅለው ለብቻው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ገዢው ሰሌዳ በሌለው የራሱ ማሽን ላይ ይለጥፈዋል። ማሽኑ ያማረ ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን የሌላ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሰሌዳውን ብሎኖች እዩ። በአሮጌ ቀለም ላይ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ብሎን ካለ፣ ወይም ከሰሌዳው ጠርዝ ውጭ ባዶ ቀዳዳ ከታየ፣ ቁጥሩን ጠረጴዛው ወይም ዘንጉ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ሻጩ የነገራችሁን ዓመት ከዋጋው ላይ አውጡት።