የድሬዳዋው ሩዝ በሥጋ ተክለሃይማኖት ላይ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሲወጣ ከፍታው ከ1,200 ሜትር አካባቢ ወደ 2,350 ሜትር ይጠጋል። ውሃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እዚህ በ92። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በድሬው ልክ የተጣደ ሩዝ እዚህ ውጩ በስሎ ልቡ ጥሬ ይቀራል፣ ሥጋውም ከአጥንቱ አልላቀቅ ይላል። ትናንት ተክለሃይማኖት ዘመድ ቤት የሠራነውን የምጽፈው በአዲስ አበባ ልክ ነው።

ግዢው መርካቶ በጠዋት አለቀ። በርበሬ በረንዳ ቅመሙን በፍሬው ግዙ፤ የተፈጨው መረቁን ያደፈርሳል። ሄልና ኮረሪማን አታምታቱ፦ ሄል ትንሽና አረንጓዴ ናት፣ ኮረሪማ ትልቅና ቡናማ፣ ሽታውም ለዚህ ሩዝ ይከብዳል። ሩዙ ረጅሙ ባስማቲ፣ ግማሽ ኪሎ። የፎገራ ሩዝ እወዳለሁ፤ ነገር ግን እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ለዚህ አይሆንም። ሥጋው 1 ኪሎ የፍየል ጎድንና ወርች፣ ከነአጥንቱ። መረቁን መረቅ የሚያደርገው አጥንቱ ነው።

ሩዙን በሻይ ብርጭቆ ስፈሩና ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ አጥባችሁ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ።

ሽንኩርቱ ላይ የወጥ ልማድ ያሳስታል። ለወጥ ያለ ዘይት አቁላልተን እናሟሟዋለን፤ ለዚህ ግን 3 ራስ ሽንኩርት በቀጭኑ ተከትፎ በአንድ የቡና ስኒ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። የሩዙ ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠርዙ መጥቆር ሲጀምር ወዲያው ሥጋውን ጨምሩ፤ ደቂቃ ካለፈ መራራ ይሆናል። ሥጋው መልክ ሲይዝ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ 6 ፍሬ ሄል፣ 4 ቅርንፉድ፣ አንድ ጣት ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ በመጨረሻም 2 ቲማቲም ይገባል። የፈላ ውሃ ከሥጋው ሁለት ጣት ከፍ እስኪል ጨምራችሁ ክደኑት። ድሬ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ የበቃው ፍየል እዚህ ወደ ሁለት ሰዓት ወሰደ።

ሥጋው ሲለሰልስ አውጡና መረቁን ስፈሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በዓይኑ ይገምታል፣ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ለ1 ብርጭቆ ሩዝ ድሬ ላይ አንድ ተኩል ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ከሦስት ሩብ አድርጉ። ከጎደለ በፈላ ውሃ ሙሉ፣ ከተረፈ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ጨውን ቅመሱ፤ ሩዙ ስለሚጠጣው መረቁ ትንሽ ጨው የበዛበት መምሰል አለበት።

ሩዙን አጥልላችሁ ጨምሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉ። ደጋግሞ ማማሰል ፍሬውን ይሰብረዋል፣ ገንፎም ያደርገዋል። መረቁ ከላይ ጠፍቶ የሩዙ ፊት ጉድጓድ ጉድጓድ ሲል ሥጋውን መልሱበት፣ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግጠሙ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀነስም ቶሎ አይቀዘቅዝምና ከድስቱ ሥር ወፍራም መጥበሻ አስገቡ። ከሰል ከሆነ ግማሹን ፍም ከሥር አንሱ። 25 ደቂቃ ሳይከፈት፣ ከወረደ በኋላም ሌላ 15።

ልቡ ጥሬ የሆነ ፍሬ ካጋጠመ፣ ከተረፈው መረቅ ግማሽ ብርጭቆ አፍልታችሁ እርጩበትና እንደገና ክደኑ። ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም፤ ውጩን ያላቁጠዋል እንጂ ልቡ አይደርስም። ሥሩ ካረረ ደግሞ አትፋቁት፤ ከላይ ያለውን ብቻ በሰፊ ትሪ ላይ አውጡ፣ ሥጋውን ደርድሩበት። ሎሚ፣ ቃሪያና በየሰዉ ፊት አንዳንድ ሙዝ ይቀርባል።