ሁምቦ፦ ከጉቶ የተነሣ ደን

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ብዙም ሳይርቁ ሁምቦ ጠበላ ይደረሳል። የሁምቦ ተራራ ለከሰል፣ ለማገዶና ለእርሻ ሲጨፈጨፍ ኖሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ የታችኛውን ማሳ በድንጋይ ይሞላው ነበር። ዛሬ ያ ገመገም ለምለም ነው።

ሰው ሁምቦን ሲያነሣ ካርበኑን፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚያምቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚከፈለውን ገንዘብ ያስቀድማል። ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ የምመክረው ግን መጀመሪያ ጉቶ እንዲያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከነዋሪው ጋር ደኑን የመመለስ ሥራ ሲጀምር፣ ከፕሮጀክቱ 2,728 ሄክታር አብዛኛው ችግኝ አላስፈለገውም። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ይቀነጥበዋል፣ የተረፈውን ማገዶ ለቃሚ ይወስደዋል። ዳገቱ ላይ ቁጥቋጦ የሚመስለው ሁሉ ወደ ላይ መውጣት የተከለከለ ዛፍ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳይነካ የከረመ የግራር ጉቶ ሃያ ሠላሳ ቀንበጥ ያወጣል። ከነዚያ ቀጥ ያሉትና ረጃጅሞቹ ይመረጣሉ፤ ቢበዛ አምስት። የቀረው ይወገዳል። የተመረጡት ደግሞ ከሥር እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ብቻ የጎን ቅርንጫፋቸው ይገረዛል። ከዚያ በላይ ከተገረዘ ጫፉ ይከብድና ግንዱ በነፋስ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ገጀራው የተሳለ መሆን አለበት፤ ምቱም ከታች ወደ ላይ። ከላይ ወደ ታች የተመታ ቅርንጫፍ ልጡን ይዞ ይወርድና ግንዱን ያቆስለዋል፤ በቁስሉም ብስባሽና ምስጥ ይገባል። የተቆረጠው እሾሃም ቅርንጫፍ እዚያው ጉቶው ዙሪያ ቢከመር ፍየል ያርቃል።

አንዴ ገርዞ መሄድ ግን ትርፉ ድካም ነው። ጉቶው አዲስ ቀንበጥ ማውጣቱን አያቆምም፤ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ተመልሶ ማራገፍ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአምስቱ አንዱ ለአጥር ወይም ለማገዶ ይቆረጥና በምትኩ አንድ ወጣት ቀንበጥ እንዲያድግ ይተዋል። ጉቶ ፈጽሞ በጠፋበት ቦታ ብቻ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ይተከላል።

ይህ ሁሉ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ዋጋ የለውም። ደኑ ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፍሏል፤ የተጠቃሚነት መብታቸውም በወረቀት ተረጋግጧል። ዋናው ቁም ነገር እሱ ይመስለኛል። የሁሉም የሆነ ደን ማንም ከልካይ የለውም፤ ማኅበሩ ግን መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጥበቃ ያቆማል፣ ይቀጣል። ከብት ወደ ደኑ አይገባም፤ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል፣ ከብቱም ታስሮ ይቀለባል። ከብት የሌለው ሰው ሣሩን ይሸጣል። ሣር ከዛፍ ቀድሞ ስለሚደርስ ነዋሪውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስታገሠው እሱ ነው እላለሁ እንጂ የካርበን ገንዘብ አይደለም። ሳይታጨድ የቀረ ሣር ደግሞ በበጋ ደርቆ የእሳት ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ አጨዳው ከኅዳር ወዲያ ባይዘገይ፣ ዳር ዳሩም ተመንጥሮ የእሳት መከላከያ ቢወጣለት ይሻላል።

ካርበኑም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት (የካርበን ሽያጭ በሚፈቅደው ዓለም አቀፍ አሠራር) ተመዘገበ። በሠላሳ ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያምቃል ተብሎ ሲገመት፣ ከዚህ 165,000 ቶኑን ደኖች ያመቁትን ካርበን የሚገዛው የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ክፍያው የሚመጣው ግን ዛፉ ከተለካ በኋላ ነው። በቋሚ መለኪያ ቦታዎች የእያንዳንዱ ግንድ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በመለኪያ ገመድ ይለካል፤ ከዚያ ከውጭ የመጣ ገለልተኛ አካል ያረጋግጣል። ዛሬ የጠበቀ ሰው ገንዘቡን የሚያየው ከዓመታት በኋላ ነው ማለት ነው። ሲመጣም በየቤቱ አልተበተነም፤ ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠራበት። ለብዙ ሺህ ሰው ቢካፈል ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚደርሰው አስቡት።

የሚያጋጥመውም ችግር ብዙ ነው። ደን ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት እንጨትና ከሰል እየሸጡ የሚኖሩት ድሆች፣ በተለይም ሴቶች ናቸው። የግርዘቱ ጭራሮ ለነሱ ቅድሚያ ካልተሰጠ ወይ ማታ ይገባሉ፣ ወይ ያልተከለለ ጎረቤት ደን ላይ ይዘምታሉ። ደኑ ሲጠና ደግሞ ዝንጀሮና ከርከሮ ይመለሳሉ፤ ከደኑ ግርጌ ያለ የበቆሎ ማሳ ያለ ጠባቂ አያድርም። የዚያን ማሳ ባለቤት ድርሻ በመተዳደሪያ ደንቡ ለይቶ ያላስቀመጠ ማኅበር፣ ደንቡን የሚያስከብርለት የመጀመሪያ ጎረቤቱን ያጣል።