አሁን የሚዞረው ሸክላ

ሸክላ ከሻንጣ ጋር አይሰጥም። አንዴ ከጎበጠ በቀላሉ አይቃናም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ኢንቾን ላይ ቆመን፣ ናሪታ እስክናርፍ ድረስ የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ሸክላ ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩት ተጓዝኩ። ወደ ቶኪዮ የወሰደኝ የሁለት ሳምንት የሥራ ሥልጠና ነው፤ እሱን እዚህ ላይ ልተወው። ሸክላውን የያዝኩት ግን ለአንድ ነገር ነው። ጃፓኖች ሙዚቃ የሚያዳምጡባቸውን ቤቶች ለማየት ለዓመታት ስመኝ ኖሬአለሁ፤ ከሄድኩ ደግሞ ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም።

ቤቶቹን "ጃዝ ኪሳ" ይሏቸዋል፤ "ኪሳ" የሚለው ቃል ከእኛው "ሻይ ቤት" ብዙም አይርቅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከውጭ የሚገባ ሸክላ ለአንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የማይቀመስ ነበር። በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ግን ገብቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ሰዓታት ሙሉ ማዳመጥ ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቶኪዮ ውስጥ ዮትሱያ ሰፈር ወደሚገኘው "ኢግል" ሄድኩ። በ1967 የተከፈተ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመንገዱ ደረጃ ይዞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ቀን ቀን ወሬ ክልክል ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ መንገደኛውን ሁሉ ያስጨፍር ነበር፤ እዚህ ከመንገድ ላይ ምንም አይሰማም። በሩን ስከፍት ግን ድምፁ ደረቴን መታኝ።

ከሁሉ በፊት ዓይኔ የገባው የሸክላው ሽፋን ነው። እየተጫወተ ያለው ሸክላ ሽፋኑ ሁሉም እንዲያየው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማንም ማንንም "ይሄ ማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ ቀና ብሎ ያያል። በዚያ ሰዓት ቆሞ የነበረው ሽፋን ላይ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረጉ የሴት እግሮች አስፋልት ላይ ይራመዳሉ። የሰኒ ክላርክ "ኩል ስትረቲን" ነው፤ በ1958 የተቀዳ። ፒያኒስቱ በ1963፣ ገና በ31 ዓመቱ ሲሞት በአገሩ አሜሪካ ብዙም አይወራለትም ነበር። ጃፓኖች ግን ይህን ሸክላ እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ጃኪ ማክሊን አልቶ ሳክስፎኑን ከቃናው ትንሽ ከፍ አድርጎ ሲገባ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን አንዴ ብቻ ነቀነቁ። እኔም ያንኑ ቦታ ነበር የምጠብቀው። አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ተግባባን።

በማግስቱ ዮኮሃማ ወረድኩ፤ ኖጌ የሚባለውን ሰፈር ለማየት። "ቺጉሳ" የተባለው የጃዝ ቤት በ1933 የተከፈተው እዚያ ነው። በጦርነቱ ዘመን ጃዝ የጠላት ሙዚቃ ተብሎ ተከለከለ፤ በ1945 የአየር ድብደባ ደግሞ ቤቱ ከነሸክላዎቹ ነደደ። ባለቤቱ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ከፈቱት። ወጣቷ ፒያኒስት ቶሺኮ አኪዮሺ እዚያ እየተቀመጠች ከሸክላ በጆሮዋ ትማር ነበር። በ1956 ቦስተን ወደሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ እዚያው ትምህርት ቤት ገቡ። እሷ ከጃፓን፣ እሳቸው ከአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ይህን ሳስብ ኖጌ ውስጥ እንግድነት አልተሰማኝም።

የጉዞዬ ዋና ነገር የሆነው ግን የሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ነው። ሺንጁኩ አካባቢ፣ ስምንት ሰው የማትይዝ አንዲት ጠባብ ቤት። እዚህ ማውራት ይፈቀዳል። ባለቤቷ በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ካሬ ነገር አይተው በእጃቸው "ይስጡኝ" አሉኝ። ሸክላውን ከሽፋኑ ያወጡበትን መንገድ አልረሳውም። ጣታቸው ጎድጓዳ መስመሮቹን አልነካም፤ ጠርዙንና መሀሉን ብቻ በመዳፋቸው ደግፈው ወደ መብራቱ አዘነበሉት፣ ጭረት ፈለጉ፣ ለስላሳ ብሩሽ አንድ ዙር አስዞሩበት። ከዚያ መርፌውን ለቀቁት። ሽፋኑንም አቆሙት። የጌታቸው ምስል ከጠርሙሶቹ መሀል ቆሞ ሳይ ጉሮሮዬ ተያዘ።

ሽለላው ሲጀምር ወሬው ቆመ። የመጀመሪያው ፊት እንዳለቀ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ፦ "አልበርት አይለርን አዳምጠው ነበር እንዴ?"

አይለር አሜሪካዊ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ይህን ጥያቄ ከብዙ የውጭ ሰዎች ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ይቆጠቁጠኛል። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው፤ አይለር ገና ሳይታወቅ። ሽለላ ምን እንደሆነ በምችለው ሁሉ አስረዳሁ፦ ዘማቹ ከጓዶቹ መሀል ብድግ ብሎ፣ እየተንጎራደደ፣ "ዘራፍ!" ብሎ ጀግንነቱን የሚያሰማበት፤ ሳክስፎኑ የሚከተለው ያንን ጉሮሮ መሆኑን ነገርኳቸው። ሰውዬው በጥሞና ሰሙኝ። ክርክር ግን አልገጠሙኝም። ወደ ባለቤቷ ዞረው አንድ ቃል ተናገሩ፤ እሳቸውም ከመደርደሪያው የአይለርን "ስፒሪቹዋል ዩኒቲ" መዝዘው አወጡ። የ1964 ሥራ ነው። የጌታቸው ሽፋን ወርዶ የአይለር ሽፋን ቆመ። መልሳቸው ይኸው ነበር።

አዳመጥን። እውነት ለመናገር ንዝረቱ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ድምፁን መጨረሻው ላይ ያርገበግቡታል። አይለር ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የሰልፍ ባንድ ይሰማኛል፤ ጌታቸው ውስጥ የአዝማሪ ጉሮሮ። ይህንኑ ተናገርኩ፤ የጌታቸው ሸክላ ሁለተኛው ፊት እንዲጫወትልኝም ለመንኩ። ያን ጊዜ እስከዚያ ሰዓት ትንፍሽ ያላሉ ሦስተኛ ሰው ጣታቸውን አነሱ። ወደ ከበሮው ጠቆሙ። ከአይለር ጀርባ ያለው ከበሮ መቺው ሰኒ መሪ ምት አይቆጥርም፤ ከበሮው እንደ ነፋስ ነው። ከጌታቸው ጀርባ ያለው ባንድ ግን ምቱን አይለቅም፤ ሰውዬው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። እኔ ይህን ሸክላ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ሁልጊዜ ሳክስፎኑን ብቻ ስለሚከተል ያንን ከኋላ የቆመ ጽናት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ፎካሪው እንደ ልቡ የሚንጎራደደው መሬቱ ስለማይከዳው ነው። ለካ ልዩነቱን ስፈልግ የኖርኩት በተሳሳተው መሣሪያ ውስጥ ነው።

ስለ አይለር የጠየቁኝ ሰውዬ በፈገግታ ደብተራቸውን አወጡ። "ጌታቸው መኩሪያ" ብዬ በፊደላችን ጻፍኩላቸው፤ ከሥሩ በጃፓንኛ ድምፁን ጻፉበት። እሳቸውም በተራቸው አንድ ገጽ ቀድደው፣ በሰሞኑ ሳያዳምጡት የማያድሩትን ሸክላ ጽፈው ሰጡኝ። አንድም ፊደል ማንበብ አልቻልኩም።

እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ኦቻኖሚዙ ወደሚገኘው የዲስክ ዩኒየን መደብር ሄድኩ። ሻጩ ወረቀቱን አንዴ አየና ሳያመነታ ወደ አንድ መደርደሪያ መራኝ፦ የፒያኒስቱ ትሱዮሺ ያማሞቶ "ሚድናይት ሹገር"፣ በ1974 "ስሪ ብላይንድ ማይስ" በተባለው የጃፓን አሳታሚ የወጣ። ጎኑ ላይ የታሰረው የወረቀት መቀነት ሳይቀደድ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ስመለስ ጭኔ ላይ ሁለት ሸክላ ነበር።

የመጀመሪያው ፊት የሚከፈተው በቀስታ በሚሄድ ረጅም ብሉዝ ነው፤ ያማሞቶ በኖታዎቹ መሀል የሚተወው ዝምታ ክፍሉን ይሞላዋል። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ሽፋኑን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አቁሜዋለሁ። ይህን እየጻፍኩ ሳለ መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ እየተንሿሿ ነው። ተነስቼ ልገልብጠው።