ቁልቁለት ላይ የለቀቀው ሶል

የምሠራው አዳኞችን ይዞ ተራራ የሚወጣ ቡድን ውስጥ ነው። መንገድ እመራለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ፣ ሲመሽ ድንኳን እተክላለሁ፣ አደኑ ከቀና ደግሞ ሥጋውን ተሸክሜ እወርዳለሁ። ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የሚያነሱት ሁልጊዜ ጠመንጃውን ነው። ስንት ሜትር ይመታል፣ መነጽሩ ምን ዓይነት ነው ይሉኛል። እኔ ግን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ጠመንጃ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሊውል ይችላል፤ ቡትስ ግን ከንጋት እስከ ምሽት በእያንዳንዷ እርምጃ ሥራ ላይ ነው።

ከጉዞ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ቡትስ መፈተሽ በቡድናችን ደንብ የሆነው በአንድ ገጠመኝ ምክንያት ነው።

እንግዳችን በዕድሜ የገፉ፣ ተራራን በደንብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የተጫሙት ቡትስ ያስቀናል። ቆዳው ወፍራም፣ ስፌቱ ጥብቅ፣ ዙሪያው ጎማ የለበሰ፣ የሶሉ ጥርስ ገና ያልተነካ። ከዓመታት በፊት ገዝተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጫምተውታል። ከዚያ "ለትልቅ ጉዞ ይሆነኛል" ብለው፣ ቆዳውን በየጊዜው ቅባት እየቀቡ ሳጥኑ ውስጥ አኖሩት። ንብረቱን እንዲህ የሚይዝ ሰው ደስ ይለኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ዳገቱን ስንወጣ ምንም አልሆነም። አደኑም ቀናቸው። ጉዱ የመጣው ስንወርድ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሣሩ ያንሸራትታል፣ ከሣሩ ሥር ያለው ድንጋይ ልቅ ነው፣ ሁላችንም ሸክም ይዘናል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ አንዱን እግር አስተማምነህ ሳትተክል ሌላውን የምታነሳበት ዓይነት አይደለም። ጋሼ ከፊቴ ነበሩ። ቀኝ እግራቸውን ሲያሳርፉ ሶሉ ከጣት በኩል አፉን ከፍቶ ተገለበጠ። በጉልበታቸው ወደቁ። ደግነቱ ወደ ተራራው በኩል ነው።

"ጋሼ፣ አይነሱ፤ ባሉበት ይቀመጡ" አልኳቸውና ከበታቻቸው ዞሬ ቆምኩ።

"ማስቲሹ ነው የለቀቀው፣ አይደል ልጄ?" አሉ እግራቸውን እያዩ።

አለቃችን መጥቶ ጫማውን አገላብጦ አየው። ማስቲሹ አልነበረም። ከታች ባለው ጎማና ከላይ ባለው ቆዳ መካከል ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የስፖንጁ ግማሽ ጎማው ላይ፣ ግማሹ ቆዳው ላይ ቀርቷል። ማስቲሹ ሁለቱንም ጥርቅም አድርጎ ይዟቸዋል። የተበጠሰው መሃሉ ነው። አለቃችን ጣቱን ሲጫነው ዱቄት ሆነ። ምንም ሳይናገር የግራውን ጫማ ማየት ጀመረ፤ እሱም ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ ነበር።

በያዝነው ቀጭን ገመድ ሶሉን ከቡትሱ ጋር ጠፍረን አሰርነው። ግን ከሶል በታች የሚያልፍ ገመድ የጎማውን ጥርስ ስለሚሸፍን እርጥብ ሣር ላይ ራሱ ያንሸራትታል። ድንጋይ ላይ ደግሞ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ አለቃችን አቋራጩን ተወው። የጋሼን ሸክም ተከፋፈልን፣ ረዘም ያለውንና ለዘብ ያለውን መንገድ ያዝን፣ አስጊ ቦታ ስንደርስ ከላይ በገመድ ይዘናቸው ወረዱ። የግራውም ሶል መንገድ ላይ ለቀቀ። ካምፕ የደረስነው ከጨለመ በኋላ ነው። ጋሼ ጉልበታቸው ከመላጡ በቀር ደህና ነበሩ። ያው ነገር ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ታሪክ በሌላ መልክ ነበር የማወራው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የአብዛኛው የተራራ ቡትስ መካከለኛ ሶል፣ ማለትም ያ በጎማውና በቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ፣ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ጠንካራ ነው፣ ሸክም ይችላል፣ ቶሎ አይጠፈጠፍም፤ ለዚህ ነው ከባድ ቡትስ ላይ የሚመረጠው። ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥበት ስል ወንዝ መሻገርን ብቻ አይደለም። አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት በዓመታት ውስጥ ገብቶ የቁሱን የኬሚካል ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጥሰዋል። ይህ ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ሙቀትና የታፈነ ቦታ ያፋጥነዋል። አምራቾች ራሳቸው እንደሚሉት ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቡትስ አዘውትሮ ከሚደረገው ቶሎ ይጎዳል፤ ሲረገጥ ስፖንጁ እየተጨመቀ እርጥበቱን ያስወጣልና። ቆዳውን የፈለግነውን ያህል ቅባት ብንቀባው ለዚህ አይጠቅምም። እንደ አቀማመጡ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነገሩ ሊጀምር ይችላል፣ ያውም ከውጭ ምንም ሳይታይ። ኢቪኤ የሚባለው ሌላው የስፖንጅ ዓይነት እንዲህ አይፈረፈርም፤ የሱ ችግር በሸክም ብዛት ተጠፍጥፎ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ቡትስ ጠንካራ ነው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ቆዳውን ማየት ብቻውን አይበቃም። ቆዳው ሙሉ፣ ያልተላገ፣ ውፍረቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ስፌቱም ጥቂት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ስፌት በበዛ ቁጥር ድንጋይ የሚቆርጠውና ውሃ የሚገባበት ቦታ ይበዛል። ዙሪያውን የከበበው ጎማም ልቅ ድንጋይ ላይ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው እላለሁ። መካከለኛውን ሶል ግን በጥፍር መጫን ያስፈልጋል። ጤነኛው ገባ ብሎ ይመለሳል። የተጎዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ይፈረፈራል። ከዚያ ቡትሱን ከጣቱ በኩል በኃይል ማጠፍና ጎኑ ላይ ስንጥቅ መኖሩን ማየት ነው። አዲስ ስትገዙም የተመረተበትን ጊዜ ጠይቁ፤ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ "አዲስ" ጫማ ዕድሜውን እዚያው እየጨረሰ ነው።

ስለ ሶል ካነሳሁ የቪብራምን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአውሮፓ አልፕስ፣ ፑንታ ራሲካ በሚባለው ተራራ ላይ 6 የጣሊያናዊው ተራራ ወጪ የቪታሌ ብራማኒ ጓደኞች ሞቱ። ያን ጊዜ ሰው አቀበቱ ድረስ ከሥሩ ሚስማር በተመታበት ከባድ ቡትስ ሄዶ፣ አለቱ ላይ ሲደርስ ቀጭን ቀላል ጫማ ይቀይር ነበር። ብርድና ውሽንፍር ሲይዘው ያ ቀጭን ጫማ አያድንም። ብራማኒ ከጎማ አምራቹ ፒሬሊ ድጋፍ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1937 አለትም በረዶም ላይ የሚይዝ ባለጥርስ የጎማ ሶል አወጣ። ቪብራም የሚለው ስም የራሱ ስም ምህጻር ነው። ዛሬ ቡትስ ገልብጠን የምናያቸው ጥልቅ ጥርሶች የመጡት ከዚያ ሐዘን ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሶልን እንደ ተራ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ልኩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚቸገረው ሰው ሶል ከሚለቅበት በብዙ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ለጥ ባለ ወለል ላይ ልክክ ያለ ቡትስ ቁልቁለት ላይ ጠላት ሊሆን ይችላል። ስትወርድ፣ በተለይ ሸክም ይዘህ ስትወርድ፣ እግርህ ወደፊት ይንሸራተታል፣ አውራ ጣትህ የጫማውን አፍንጫ ይመታል። ይህ ለሰዓታት ከቀጠለ ጥፍር ሥር ደም ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፣ በኋላም ይነቀላል። ስትወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ተረከዝህ እየተነሳ ሲወርድ ቆዳው ተፋትጎ ውሃ ይቋጥራል። አንድ ጎልማሳ እንግዳ በጥቁር አውራ ጣት ምክንያት ቀሪውን ጉዞ ካምፕ ተቀምጦ ሲያሳልፍ አይቻለሁ። ቡትሱ ምንም አልነበረበትም፤ ለሱ እግር አልነበረም እንጂ።

ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአውሮፓ ቁጥር በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለ እግር ስፋት ግን ምንም አይልም። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ አለው። የአንዱ 43 ለሰፊ እግር፣ የሌላው 43 ለቀጭን እግር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡትስ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ተራራ ላይ በሚደረገው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው። ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን እስከ አፍንጫው ግፉትና ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ ጣት ይገባል ወይ ብላችሁ ሞክሩ። ከገባ ርዝመቱ ይሆናል። ከዚያ ተረከዙን ወደኋላ አስደግፋችሁ እሰሩና ተዳፋት ነገር ላይ፣ ከተቻለ ጀርባ ላይ ሸክም አድርጋችሁ፣ ቁልቁል ቁሙ። ጣት ከነካ ያ ቡትስ አይሆናችሁም። "ሲለመድ ይሰፋል" የሚለውን አትስሙ፤ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል እንጂ ርዝመት አይጨምርም።

አስተሳሰሩም የልኩ አካል ነው። አለቃችን ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ላይ ክሩን ሁለቴ ጠምዝዞ ይቆልፈዋል። እንዲህ ሲሆን ከታች ያለውና ከላይ ያለው የተለያየ ጥብቀት ሊኖራቸው ይችላል። ስንወጣ ላይኛውን ላላ አድርጎ ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ ይተዋል። ከመውረዳችን በፊት ሁላችንንም አስቁሞ እንደገና ያሳስረናል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንት ጥፍር አድኗል።

ስለ ሶል አለመተጣጠፍም አንድ ነገር ልጨምር። የጀርመን አምራቾች ቡትስን ከኤ እስከ ዲ ይመድባሉ። ኤ ለስላሳ የእግር ጉዞ ጫማ ነው፣ ዲ በረዶ ላይ ባለጥርስ ብረት ታስሮበት የሚወጣበት ነው። መንገድ በሌለበት ቀጥ ያለ ተራራ ለሚያድን ሰው ከቢና ሲ መካከል ያለው ወይም ሲ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱ ወደ ጎን መሄዱ ነው። አዳኝ ዳገቱን እየቆረጠ ወደ ጎን ሲሄድ የሚረግጠው በሶሉ ጠርዝ ነው፤ ለስላሳ ሶል እዚያ ላይ ይጣመማል፣ እግርም ወደ ቁልቁለቱ ይገለበጣል። ተረከዙንና አፍንጫውን ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘ ለዚህ መሬት አልተሠራም። አንዳንድ አዳኞች የማይተጣጠፍ ደረቅ ሶል ድንጋይ ላይ ድምፅ ያሰማል፣ እንስሳው ይሸሻል ይላሉ። እውነት አለው። ግን እኔ ካየሁት ድምፅ የሚያበዛው ችኮላ ነው፤ ቀስ ብሎ እግሩን የሚያስቀምጥ ሰው በደረቅ ሶልም አይሰማም። ክብደቱን በተመለከተ እግር ላይ ያለ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ ካለ 5 ኪሎ ጋር ይስተካከላል የሚባል ነገር አለ፣ የሰውነትን የኦክስጅን ፍጆታ የለኩ ጥናቶችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ቡትስ መምረጥም ጀግንነት አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዶች ሲመጡ፣ ከመነሳታችን በፊት ባለው ከሰዓት፣ አለቃችን ቡትሶቹን ሁሉ አሰልፎ ያያል። በጥፍሩ ይጫናል፣ ያጥፋል፣ ይጠመዝዛል፣ የተገዙበትን ዘመን ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉንም ሰው ሸክም አስይዞ ከካምፑ ጀርባ ያለውን አጭር ቁልቁለት ያስወርዳል። ቅር የሚለው እንግዳ አለ። "ይህ እኮ ውድ ጫማ ነው" የሚል አይጠፋም። አለቃችን አይከራከርም፤ የሚይዘውን ገመድ አሳይቶ "በዚህ ታስሮ መውረድ ይሻልዎታል?" ብሎ ዝም ይላል።

ጋሼ ቡትሱን አልጣሉትም። ቆዳው ጤነኛ ስለነበር ጫማ ሠሪ መካከለኛውንም የታችኛውንም ሶል አውልቆ በአዲስ ተካላቸው፤ ጥሩ ቡትስ ዋጋው የሚወጣው እንዲህ መታደስ ስለሚችል ነው። ነገር ግን ሁሉም ቡትስ አይታደስም፣ ስትገዙ ይህንንም ጠይቁ። እርጥብ ቡትስ ስታደርቁ ደግሞ ከእሳት አርቁት፤ ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቅና ይሰነጥቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላላዋል። ውስጡ ያለውን ንጣፍ አውጥታችሁ፣ ወረቀት ጠቅጥቃችሁ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ አኑሩት። ወረቀቱ ሲርስ ቀይሩት።