ፓርከር፣ ፎክስ፣ ኤል ሲ ስሚዝ፦ ለወፍ አደን የተሠሩ ትንንሽ መንታዎች

ጫካ ይዤው የማልወጣውን ጠመንጃ አልገዛም። የምሰበስበውም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከ1900 እስከ 1940 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩትን ትንንሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገኖች። ባለ 16፣ ባለ 20፣ እጄ ከደረሰ ደግሞ ባለ 28 ጌጅ።

እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ምንሽርና ውጅግራ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። እነዚያ አንድ አረር ነው የሚተኩሱት። ሾትገን ግን ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ ይበትናል፤ ለሚበር ወፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጌጅ የሚባለው ደግሞ የአፈሙዙ ስፋት ነው። 454 ግራም እርሳስ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ፣ ለ20 እኩል ድቡልቡል ብታካፍሉት አንዷ ልክክ ብላ የምትገባበት አፈሙዝ ባለ 20 ጌጅ ነው። 15.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል፤ ባለ 28ቱ 14 ሚሊሜትር ነው። 410 የሚባለው ብቻ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ የሱ ቁጥር በቀጥታ ስፋቱ በኢንች ነው።

ብዙ ሰው ባለ 20 ከሆነ ቀላል ጠመንጃ ነው ብሎ ይገዛል። ክብደቱን የሚወስነው ግን ከጌጁ ይልቅ አፈሙዞቹ የተገጠሙበት ብረት፣ ፍሬሙ ነው። ለባለ 12 በተሠራ ፍሬም ላይ የባለ 20 አፈሙዝ ብትገጥሙበት ያው ከባድ ነው፣ እንዲያውም አፈሙዙ ሲጠብ ግድግዳው ስለሚወፍር ሊብስ ይችላል። ይህን ከሁሉም በላይ የገባቸው በኮነቲከት፣ ሜሪደን ከተማ የነበሩት ጠመንጃ ሠሪዎች፣ ፓርከሮች ናቸው። ፍሬሞቻቸውን በመጠን ከፋፍለው ቁጥር ሰጧቸው። 2 ቁጥር ለተለመደው ባለ 12፣ 0 ለባለ 20፣ ባለ ሁለት ዜሮው ለባለ 28፣ ባለ ሦስት ዜሮው ለ410። ቁጥሩ ከአፈሙዞቹ ሥር ባለው መያዣ ላይ ተመትቷል። ከጠፋ ደግሞ ጥይቱን የሚመቱት የሁለቱ መርፌዎች መሐል ለመሐል ርቀት ይለካል፤ በ0 ፍሬም ላይ አንድ ኢንች ነው። ሻጭ ስለ ቅርጻ ቅርጹ ሲያወራኝ እኔ ማስመሪያዬን አወጣለሁ።

ልዩነቱ የሚታየው አደን ላይ ነው። የማድነው ሰሜን ሚሺጋን ነው፣ ኦክቶበር ላይ። እዚያ የአስፐን ዛፍ ሲቆረጥ ከሥሩ እንደገና ይፈላል፣ ከአሥር ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም ሰው በጎን ካልሆነ የማያልፍበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይሆናል። የቆቅ ዘመድ የሆነችው ግራውዝም ውድኮክ የምትባለው ባለ ረጅም መንቁር ወፍም የሚወዱት ይህንኑ ነው። ውሻዋ ከፊት እየሮጠች ድንገት ቀጥ ትላለች፤ አንድ እግሯ እንደተነሳ፣ ጅራቷ እንደተወጠረ። አንድ ሁለት እርምጃ ስጠጋ ውድኮኳ ክንፏ እያፏጨ ወደ ላይ ትተኮሳለች፤ የዛፎቹ ጫፍ ላይ ስትደርስ ታጥፋ ትጠፋለች። ያለው ጊዜ ይኸው ነው። ሦስት ኪሎ የማይሞላው 0 ፍሬም ፓርከር እዚህ ላይ ዓይን ወደተመለከተበት አብሮ ይሄዳል። ምላጩም ሁለት መሆኑ ጠቅሞኛል፤ የፊተኛው በሰፊው የሚበትነውን የቀኙን አፈሙዝ ይተኩሳል፣ የኋለኛው ጫፉ ጠበብ ያለውን የግራውን፣ ራቅ ላለ ወፍ። የትኛውን እንደምፈልግ የምመርጠው በጣቴ ነው፣ ምንም የሚቀየር ነገር የለም።

ውድኮክ እጅ ላይ ስትታይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። 200 ግራም ገደማ ናት። ዓይኖቿ ወደ ኋላ ሸሽተው ጭንቅላቷ ላይ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ አፏን መሬት ውስጥ ቀብራ ትል ስትፈልግም ከኋላዋ የሚመጣውን ታያለች። የረጅሙ መንቁሯ ጫፍ ብቻውን ይከፈታል፣ ትሉን አፈር ውስጥ እንዳለ ለመያዝ። ሕጉ በቀን ከሦስት በላይ አይፈቅድም። እኔ ብዙ ጊዜ አንዷ ትበቃኛለች።

ወደ ፋብሪካዎቹ ልመለስ። የፊላደልፊያው ፎክስ ውስጡ እጅግ ቀላል ነው፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ፣ ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሠራል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ አፍሪካ ሲሄድ ባለ 12 ፎክስ ይዞ ነበር፤ ያ ጠመንጃ በ2010 በጨረታ 862,500 ዶላር ተሸጧል። ፎክስ ባለ 28 አልሠራም፣ ባለ 16 እና ባለ 20ው ግን አንድ ትንሽ ፍሬም ይጋራሉ፤ ስለዚህ ባለ 16 ፎክስ በጣም የሚያምር የጫካ ጠመንጃ ነው። ኤል ሲ ስሚዝ ከኒው ዮርክ፣ ፉልተን ነው፤ መተኮሻው ጎንና ጎን ባሉ ሳህኖች ላይ የተሠራ፣ መስመሩ ውብ የሆነ። ችግሩ ሰደፉ ከሳህኖቹ ኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኤል ሲ ስሚዝ ስታዩ በመጀመሪያ እዚያ ጋ ባትሪ አብሩ።

ሁሉም የቆሙት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የእጅ ሥራ ውድ ነው፣ በማሽን የሚመረቱት ደጋግመው የሚተኩሱ ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃዎች ርካሽ ነበሩ፣ በዚያ ላይ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ፓርከር በ1934 ሬሚንግተን ለተባለው የጠመንጃ ኩባንያ ተሸጠ። ፎክስ ቀደም ብሎ በሌላው የጠመንጃ ኩባንያ፣ በሳቬጅ እጅ ገብቷል። የኤል ሲ ስሚዝ ፋብሪካ ደግሞ በ1949 ወለሉ ተደርምሶ ብዙም ሳይቆይ ምርቱ አበቃ።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካያችሁ በኋላ በአውራ ጣት የሚገፋውን መክፈቻ ተመልከቱ። ሲዘጋ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ከቆመ ገና ጥብቅ ነው፤ መሐሉን አልፎ ወደ ግራ ከሄደ ተበልቷል። የፊቱን እንጨት አውልቃችሁ ነቅንቁት፣ ኳ ኳ ካለ ተዉት። የሁለቱ አፈሙዞች ጫፍ መሐል ክፍተት ካለ ተቆርጧል ማለት ነው። አፈሙዞቹን አውጥታችሁ በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ በጥፍር ምቷቸው፤ እንደ ደወል ካስተጋቡ ብየዳው ደህና ነው። የተወለወለና አዲስ የተቀባ ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ የድሮው ቀለም የለቀቀም ቢሆን ይሻላል። ለባለ 28 እና ለ410 ደግሞ የፋብሪካውን መዝገብ ሳታስመረምሩ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ምክንያቱም ብርቅዬ ስለሆኑ ሐሰተኛው ብዙ ነው።

ጥይቱንም አደራ። የድሮ ባለ 16ዎች ብዙዎቹ ሲተኮስ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ለሚሆን ጥይት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ ሱቅ ያለው 70 ነው። ይገባል፣ ሲፈነዳ ግን ጫፉ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ብረት ፍሬ ያለበት ጥይትም አፈሙዙን ያበላሻል፤ ለዳክዬ እርሳስ በመላ አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ስለተከለከለ ለዚያ ቢስመዝ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ፍሬ ያለበትን ግዙ። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ጀማሪ የሚያየውን ኢታካ ፍሉስ የተባለውን ሌላ የአሜሪካ መንታ፣ በተለይ ባለ 20ውን፣ ከባድ ጥይት ካጎረሳችሁት ፍሬሙ ይሰነጠቃል። በቀላል ጥይት ግን ለግራውዝ ከሱ የሚሻል ርካሽ ጠመንጃ አላየሁም፤ የጠመንጃ ባለሙያ አሳይታችሁ ስንጥቅ ከሌለው ውሰዱት።