ቁጣ የሚሠራ የሚመስለን ለምንድን ነው?

ዳንኤል ካህነማንን ብዙ ሰው የሚያውቀው የሥነ ልቦና ምሁር ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት በመውሰዱ ነው። እኔ ግን ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ ወለል ላይ በጠመኔ የተሠመረ ኢላማ ነው።

ካህነማን በአንድ ወቅት ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሰልጣኞች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሰው ሲያጠፋ ከመቅጣት ይልቅ ሲያሻሽል ማበረታታት የበለጠ ያስተምራል እያለ ያስረዳቸዋል። ንግግሩን ሲጨርስ ከአንጋፋዎቹ አሰልጣኞች አንዱ እጁን አወጣ። ይሄ ለወፎች ይሠራ ይሆናል፣ ለኛ ሰልጣኞች ግን አይሠራም አለው። ሰልጣኙ አስቸጋሪ የበረራ እንቅስቃሴ አሳምሮ ሲሠራ አመሰግነዋለሁ፤ በሚቀጥለው ያበላሸዋል። ሲያበላሽ እጮህበታለሁ፤ በሚቀጥለው ያሻሽላል።

ሰውየው አልዋሸም። ዓመታት ሙሉ በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ካህነማንም ክርክር ውስጥ አልገባም። ወለሉ ላይ ኢላማ አሠመረ። መኮንኖቹ በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሳያዩ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲም አከታትለው እንዲወረውሩ አደረገ። ርቀቱ ተለካ፣ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። በመጀመሪያው ውርወራ ኢላማውን የተጠጉት አብዛኞቹ በሁለተኛው ራቁ። በመጀመሪያው የራቁት አብዛኞቹ ደግሞ ተጠጉ። ማንም አልተመሰገነም። ማንም አልተጮኸበትም።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። የኛም መምህራን ማረፊያ ክፍል ያንን አሰልጣኝ የሚመስል ሰው አለው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ በጣም የማከብራቸው ባልደረባዬ ናቸው። ሰሞኑን ወረቀት እያረምን ሳለ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያቺ ልጅ 19 ስታመጣ ክፍሉን አስጨበጨብኩላት። ይኸው አሁን 14። ልቧ አበጠ። ከኋላ የሚቀመጠውን ልጅ ግን ወላጅ አምጣ አልኩት፣ ከ6 ወደ 11 ወጣ። የኔ ልጅ፣ አንቺ ገና ነሽ። ልጅ ካልተቆጡት አይሰማም።»

«ጋሼ፣ እስቲ የኔን ማርክ ሊስት ይዩልኝ» አልኳቸው።

የኔ ተማሪዎች ሁለተኛውን ፈተና የተፈተኑት የመጀመሪያውን ወረቀት ሳልመልስላቸው ነው። ስንት እንዳመጡ አያውቁም። አልተጨበጨበላቸውም፣ አልተቆጣኋቸውም። ጋሼ ጣታቸውን በስም ዝርዝሩ ላይ እያስኬዱ አዩት። ከላይ የነበሩት ብዙዎቹ ዝቅ ብለዋል። ከታች የነበሩት ብዙዎቹ ከፍ ብለዋል።

«ይሄማ አጋጣሚ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ እኔም እሱን ነው የምለው።»

የፈተና ውጤት እውቀት ብቻ አይደለም። ማታ ያነበብሽው ገጽ ጥያቄ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሳታነቢ ልታድሪም ትችያለሽ። ራስ ምታት አለ፣ በግምት ተከቦ ልክ የሆነ ምርጫ አለ። 19 ያመጣች ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን ያን ቀን ብዙው ነገር ሳይቀናትም አልቀረም። በሚቀጥለው ፈተና ጉብዝናው አብሯት ይመጣል፣ ዕድሉ ግን ላይመጣ ይችላል። 6 ያመጣውም እንዲሁ፣ ክፉ ቀኑ ሁሌ አይደገምም።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 በቁመት አሳይቷል። የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። በጣም ረጃጅም ወላጆች የወለዷቸው በአማካይ ከወላጆቻቸው አጠር አሉ፣ የአጫጭሮቹ ልጆች ደግሞ ረዘም አሉ። ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል።

ኳስ የሚከታተል ሰው ይህን በየሳምንቱ ያየዋል። ቡድኑ ተከታትሎ ሲሸነፍ አሰልጣኙ ይባረራል። አዲሱ ሲመጣ ቡድኑ ያሸንፋል። «አየህ፣ መባረር ነበረበት!» ይባላል። ባስ ተር ዌል የተባለ ኢኮኖሚስት የኔዘርላንድን ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ድረስ ያለውን ፈትሾታል። ጥሩ ያደረገው ነገር፣ እንደዚያው ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ቡድኖችንም ማየቱ ነው። እነሱም በተመሳሳይ ሁኔታ አንሰራርተዋል። ቁጣ ሠርቶ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ መምህርም ያልተቆጣቸውን ልጆች ማየት አለበት። አብዛኞቻችን አናይም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ካህነማንና ባልደረባው አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የጠቆሙት ነው። የምናመሰግነው ሰው ጥሩ ሲሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። የምንቆጣው ሲያበላሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳያጠፋ ኑሮ ራሱ ደግ መሆን እንደማያዋጣ፣ ጨካኝ መሆን እንደሚያዋጣ ያስተምረናል። አባት ከልጁ ጋር፣ አለቃ ከሠራተኛው ጋር፣ መምህር ከተማሪው ጋር በየቀኑ ይህን የተሳሳተ ትምህርት ይማራል። ምስክሩ ደግሞ የገዛ ዓይኑ ስለሆነ በወሬ አይመለስም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። አርጩሜና ኩርኩም ግን ዛሬም አሉ። ብዙ ሰው መምህሩ ክፉ ስለሆነ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላምንም። መምህሩ መትቶ ልጁ ሲሻሻል አይቷል። ያየውን ደግሞ በአዋጅ ብቻ አትነጥቀውም። ሥልጠና ሲሰጠን «አትምቱ» ከማለት አልፎ፣ መምታት ለምን የሠራ እንደሚመስል ቢያስረዱን ይሻለን ነበር። አንድ ጠመኔና ጥቂት ሳንቲም ይበቃል።

ቁጣ ምንም አያመጣም እያልኩ አይደለም። ፈርቶ የሚያጠና ልጅ ይኖራል። ግን ፍርሃቱ ምን ያህሉን እንዳመጣ፣ ሳይቆጡትም ምን ያህሉ ይመጣ እንደነበር ሳንለይ፣ ልጅን በክፍል ፊት ማዋረድ ትልቅ ዕዳ ነው። ያቺም 14 ያመጣች ልጅ ከእንግዲህ የሚያጨበጭብላት ካጣች፣ ባላጠፋችው ነው የምትቀጣው።

ከጋሼ ጋር በሁሉም ነገር አልተስማማንም። ጭብጨባ ልጅ ያሳብጣል የሚለው እምነታቸው እንዳለ ነው። በአንድ ነገር ግን ተግባብተናል። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በአንድ ፈተና ብቻ ወላጅ አንጠራም። ሦስት አራቱን ውጤት ጎን ለጎን ካየን በኋላ፣ በእርግጥ እየወረደ የመጣውን ልጅ ለይተን፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ቁጭ አድርገን ምን እንዳስቸገረው እንጠይቀዋለን።